የእንግሊዙ ሪዝና የኔ ፈቃድ

ሌባ ፈቃድ አይጠይቅም። ለማኝም ፈቃድ አይጠይቅም። ሰነፍማ ጭራሽ... ማን ቀስቅሶት! በዚህ ዓለም ላይ ፈቃድ የሚጠየቀው «ላቤን አንጠፍጥፌ እንጀራዬን ልብላ» ብሎ የተነሣ ሰው ብቻ ነው። ካላመናችሁኝ ሰው አገር ሂዱና ሞክሩት። ለሌላ ተቀጥራችሁ ስትለፉ ዘወር ብሎ የሚያያችሁ የለም። «እስቲ ደግሞ ለራሴ ልሥራ» ያላችሁ ዕለት ግን... ወዮላችሁ!

እኔ የተሰደድኩበት የሰው አገር አሰብ ነው። አትሳቁ! አሁን ጊዜው ተለውጦ ነው እንጂ ያኔ፣ ኤርትራን እንግሊዞች ያስተዳድሩ በነበረ ጊዜ፣ ከደሴ ወደ አሰብ የወረደ ሰው የለየለት የውጭ አገር ሰው ነበር። ድንበሩን የተሻገርኩት በጭነት መኪና ላይ፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መካከል ተኝቼ ነው። ስነቃ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

«የት ደረስን?» አልኩት ሾፌሩን።

«ውጭ አገር!» አለኝና ከት ብሎ ሳቀ።

ዞር ዞር ብዬ ባይ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ አፋርኛው፣ ዓረብኛው፣ ጣልያንኛው ባንድ ገበያ ላይ ይንጫጫል። የማይሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የሚገዛን ግን እሱ ነው!

ሥራ ያገኘሁት ከሲኞር ባቲስታ ዘንድ ነው። ወደቡ አጠገብ ጠጉር ማስተካከያ ቤት የነበረው፣ ከመቀሱ ቀድሞ ሆዱ ደንበኛው ጋ የሚደርስ ደግ ጣልያን። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁሉንም ግን አላስተማረኝም። «ሳይዶ!» ይለኛል። (ስሜ ሰይድ ነው፤ ጣልያን አፍ ገብቶ ሲወጣ ነው እንዲህ የሆነው።) «ሳይዶ፣ ጠጉሩ ያንተ፣ ፊቱ የኔ!» ፊት መላጨት ላይ ጉርሻ አለዋ! ስለዚህ እኔ ከጆሮ በላይ ያለውን አገር ሳስተዳድር፣ እሱ ከጆሮ በታች ያለውን ይገዛ ነበር።

በዚሁ ብኖር ቅር አይለኝም። ምን ያደርጋል፣ ዘይነባን አየኋት! ዘይነባ የጋሽ ይማም ልጅ ናት። ጋሽ ይማም እንደኔው ከወሎ የወረዱ፣ ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ ባለሱቅ ናቸው። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን ሻይ ጋብዘው፣ ደኅና አድርገው አጫውተው፣ ሲሸኟቸው አንድ ቃል ብቻ ላኩብኝ።

«የራሱ በር ሳይኖረው የኔን በር እንዳያንኳኳ በሉት!»

ራስ ሳይጠና ጉተና ማለታቸው ነው። ለጠጉር አስተካካይ ከዚህ የባሰ ስድብ አለ?

በማግስቱ ሲኞር ባቲስታ አንዱን የመርከብ ካፒቴን ሳሙና ለቅልቆ ሳለ ቀረብ ብዬ፣ «ሲኞር፣ ለብቻዬ ልሠራ አስቤያለሁ» አልኩት።

«ማ ኬ! ምን አልክ?» ብሎ ሲጮህ ካፒቴኑ ከነአረፋው ከወንበሩ ብድግ አለ። «መቀስ አስያዝኩህ! አሁን በመቀሱ እኔኑ ልትቆርጠኝ?»

«ስለ ሴት ነው፣ ሲኞር።»

«ስለ... ሴት?»

እናንተዬ፣ ጣልያን ፊት ፍቅርን ማንሣት ፀሐይ ላይ ቅቤ ማስቀመጥ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሮጌውን ወንበሩን ሊሰጠኝ ቃል ገባልኝ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ እንግሊዞቹ ጽሕፈት ቤት አሻግሮ አየና ተነፈሰ። «በኛ ጊዜ ቢሆን ፈቃድ የምንሰጠው እኛው ነበርን። ዛሬ እኔም ለመቀሴ ደጅ እጠናለሁ። ሂድ ሳይዶ፣ እግዜር ይርዳህ!»

ሄድኩ። ፈቃድ ሰጪው እንግሊዛዊ መኮንን ፊት አቀረቡኝ። መኮንኑን ከማየቴ በፊት ግን ሪዙን አየሁት። አቤት ሪዝ! ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ ግራና ቀኝ ከተጓዘ በኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል፤ ሰውዬው ሲያስብ በጣቱ ያሾረዋል። ሪዙ ለሥራ ተሾሞ ወደ አሰብ ሲመጣ መኮንኑ አጅቦት የመጣ ነው የሚመስለው።

አስተርጓሚው ተስፋይ ይባላል። እንግሊዝኛውን ከወታደሮች፣ አማርኛውን ከሾፌሮች የለቃቀመ የደጋ ልጅ ነው። ትግርኛውማ የእናቱ ነው። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ግን በአንዳቸውም ቋንቋ አልተማረም።

መኮንኑ ረጅም ንግግር አደረገ። ሪዙ ሦስት ጊዜ ሾረ። ተስፋይ በጥሞና አዳመጠና ወደኔ ዞሮ፣ «አይሆንም ይልሃል» አለኝ።

«ይህን ሁሉ ተናግሮ?»

«እንግሊዝ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ይወዳል።»

ለመንኩ። ተስፋይ ለመነልኝ። መኮንኑ አሁን ሁለት ቃል ብቻ ጣል አደረገ። ተስፋይ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። «የውጭ አገር ሰው ለራሱ ሊሠራ ቢፈልግ አንደኛ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነ ዋስ ያቅርብ። ሁለተኛ፣ ሙያውን በተግባር ያሳይ፤ ጆሮ የሚቆርጥ ጠጉር ቆራጭ እዚህ አንፈልግም። ሦስተኛ፣ በሩን ዝጋው፣ አቧራ እየገባ ነው።»

በሩን ዘጋሁና ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። ጋሽ ይማም እንደኔው የውጭ አገር ሰው ናቸው። ሲኞር ባቲስታም የውጭ አገር ሰው ነው። ለካስ በማውቃት አሰብ ውስጥ የአሰብን ሰው አላውቅም! በመጨረሻ ትዝ ያለችኝ እትዬ ፋጡማ ናት። ከአሰብ ወዲያ ባሕሩ ዳር ያለችው የዒድ ከተማ ተወላጅ፣ ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ አፋር ስትሆን፣ የልጆቿን ጠጉር የማስተካክልላት እኔ ነኝ። አማርኛዋ ከኔ አይሻልም እንጂ አያንስም። ነገሩን ስነግራት ዓሣዋን ሸፈነችና፣ «ተነሥ እንሂድ!» አለች። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ ጉዳይህን ጨርሰህ ሳትነግረው ጫማውን ያጠልቃል።

«ይህ ሰው ቢጠፋ ታመጪዋለሽ ወይ ይላል» አላት ተስፋይ።

«የት ይጠፋል?» አለች እትዬ ፋጡማ። «ከአሰብ ማምለጫው ሁለት ነው፤ ባሕርና በረሃ። ባሕሩን እንዳይል ዋና አያውቅም። በረሃውን እንዳይል ደግሞ በረሃው ዘመዶቼ ናቸው!»

መኮንኑ ይህ ሲተረጎምለት ሪዙን አንድ ጊዜ አሾረና ራሱን ነቀነቀ። ዋሴ ተቀባይነት አገኘ! ከዚያ ጉንጩን ዳበሰ፤ ሁለት ቀን ሳይላጭ የቆየ ነው።

«ነገ ጠዋት ምላጭህን ይዘህ ና ይላል» አለኝ ተስፋይ። «ራሱ ላይ ትፈተናለህ።»

ፊት! ሲኞር ባቲስታ የነፈገኝ ፊት! ወይ መከራ... ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ! ያን ቀን ከሰዓት ሲኞር ባቲስታ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ሳሙና ለቅልቆ፣ ምላጩን አስጨበጠኝ። «አንድ ጭረት ካየሁ ነገ እንዳትሄድ!» አለኝ። ላጨሁት። አንድ ጭረት አልነበረበትም! እንዲያውም ሐብሐቡ ወጣት መሰለ። ተሳስመን ሐብሐቡን ቆርሰን በላነው።

ማን ነግሮን፣ ሐብሐብ ሪዝ የለውም!

ጠዋት ስደርስ መኮንኑ ወንበሩን ጋደል አድርጎ፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀኛል። እትዬ ፋጡማ «ዋስ የሆንኩለትን ነገር ልይ እንጂ» ብላ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የአሰብን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ገና ሳይነጋ ይፈላል። ላቤ ግንባሬ ላይ፣ አረፋው እጄ ላይ። አስቡት! ጉሮሮው በኔ ምላጭ ሥር ነው፤ እንጀራዬ በሱ ብዕር ሥር ነው። ከሁለታችን ማናችን ይበልጥ እንደፈራን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ግራ ጉንጩን ጠረግሁ። ፀዳ! ቀኙን ጠረግሁ። ፀዳ! አገጩን... ሐብሐብ በለው! ይኼኔ መኮንኑ ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ሪዙን እንዳትረሳው ይልሃል» አለኝ ተስፋይ።

ፍረዱኝ እንግዲህ! እንደዚያ ያለ ሪዝ እንዴት ይረሳል? እኔም «ኧረ በሞቴ፣ አልረሳውም!» አልኩና፣ አረፋውን ደርቤ ለቅልቄ፣ ምላጩን ከቀኝ በኩል አንዴ... ሸርተት!

«ዋይ ኣነ!» አለ ተስፋይ፣ «ወይኔ!» ሲል በትግርኛ።

«ምነው?»

«ሪዙን!»

«አንተ አይደለህ እንዴ እንዳትረሳው ያልከኝ?»

«እንዳትነካው አትርሳ ማለቴ ነዋ!»

«ታዲያ 'አትንካው' አይባልም?»

«እሱ 'አትንካው' አላለም! 'አስታውሰው' ነው ያለው! እኔ ቃል አልጨምርም!» ብሎ አፈጠጠብኝ። ሁለቱን ቃል ሦስት ትእዛዝ አድርጎ ሲነግረኝ የነበረው ሰው!

መኮንኑ ዓይኑን እንደጨፈነ አንድ ጥያቄ ጣለ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ምን ሆናችኋል ነው የሚለው። ቆንጆ እየሄደ ነው አልኩት።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የቀኙ ሄዷል፤ የግራው ጉድ ሳይሰማ ጫፉን ቆልምሞ ተቀምጧል። ግማሽ ሪዝ ያለው ሹም ወደብ ሊያስተዳድር አይችልም! ቢስሚላህ ብዬ ጨረስኩት።

መስተዋቱን ሰጠሁት። መኮንኑ አየ። እንደ ልማዱ ሊያሾረው ጣቱን ሰደደ... ጣቱ አየር ቆልምሞ ተመለሰ። እንደገና ሰደደ። እንደገና አየር! በዚህ መሐል እትዬ ፋጡማ ከጥጉ ቀና ብላ አየችውና፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ ከየት መጣ? አባቱ የት ሄዱ?» አለች።

መኮንኑ ምን እንዳለች ጠየቀ። ተስፋይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተረጎመ፤ መዋሻ ቃል ጠፍቶት ነው።

ሰውዬው እንደ በርበሬ ቀላ። ወንበሩን አስጠግቶ ብዕሩን አነሣ። ዘይነባ በዓይኔ ላይ ዞረች። «ክልከላ እየጻፈ ነው» አለኝ ተስፋይ በሹክሹክታ። «ምክንያቱን ገልጦ አስመራ ላሉት አለቆቹ መላክ አለበት።» መኮንኑ ጻፈ፣ ጻፈና... ቆመ። ምክንያት! ምን ብሎ ይጻፍ? «አመልካቹ ሪዜን ስለ ወሰደብኝ» ይበል? አስመራ ያሉ ጓደኞቹ ይህን እየተቀባበሉ ሲያነቡት ታየው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ቀዳዶ ጣለና ሌላ አወጣ። ጻፈ። ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪዘል ድረስ መታው።

«ለራስህ መሥራት ተፈቅዶልሃል» አለ ተስፋይ እሱም ሳያምን። «ግን ጠጉር ብቻ! ከጆሮ በታች ብትወርድ ወዮልህ! ደግሞም ማንም ቢጠይቅህ፣ ሪዙን ያስነሣው ስለ ሙቀቱ በገዛ ፈቃዱ ነው።»

እንግዲህ ሁለታችንም በአንድ ቀን ፈቃድ አገኘን ማለት ነው፤ የኔ በማኅተም፣ የሱ በግዴታ!

ጉዱ መቼ በዚህ አበቃ! ሹሙ ሪዙን አስነሥቶ ሲታይ፣ የወደቡ ጸሐፊዎችና የጉምሩኩ ሰዎች አዲስ ደንብ የወጣ መሰላቸው። በሳምንቱ ከወንድ ሁሉ አፍንጫ ሥር ሪዝ ጠፋ! ከሲኞር ቤት ጠባብ መንገድ ተሻግሬ በከፈትኩት አዲሱ ቤቴ በር ላይ ተሰለፉ። እኔ ደግሞ ሪዝ አልተፈቀደልኝም፤ ስለዚህ አንድ ባንድ ወደ ሲኞር ባቲስታ መራኋቸው። ሲኞር በጠባቡ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ጉንጬን እየሳመ፣ «ሳይዶ፣ ምነው ቀደም ብለህ በተለየኸኝ!» አለ። ጋሽ ይማምም መጥተው በሬን ከፍተው ዘግተው፣ ከፍተው ዘግተው፣ በር መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ኒካው ታሰረ።

ከዚያ እንግሊዞቹ ሄዱ። ኤርትራና ኢትዮጵያ በፌዴሬሽን ተዋሐዱ ተባለ፤ ጨፈርን። ፈቃዴን ለማሳደስ ስሄድ፣ በዚያው ክፍል ከአዲስ አበባ የተላከ አንድ ትሑት ወጣት ጸሐፊ ተቀምጧል። ወረቀቴን አገላብጦ ፈገግ አለ።

«አቶ ሰይድ፣ ይህ እኮ ለውጭ አገር ሰው የተሰጠ ነው። እርስዎ የየት ሰው ነዎት?»

«የደሴ።»

«እንግዲያማ የውጭ አገር ሰውነትዎ ቀረ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን! ታዲያ ፈቃዴስ?»

«እሱማ አብሮ ቀረ። እንደ ዜጋ እንደገና ያመለክታሉ።»

«እስኪወጣ ድረስ?»

«አይሠሩማ።»

«መቼ ይወጣል ታዲያ?»

ወጣቱ ከደጅ እስከ መንገዱ የተሰለፈውን ዜጋ አሻግሮ አየ። ከልቡ አዘነልኝ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«ምን ያደርጋል፣ አቶ ሰይድ» አለኝ፣ «የውጭ አገር ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዛሬውኑ እጨርስልዎት ነበር!»