ሙሉ ነጥብ ያገኘው የጋሽ መቀስ መግለጫ

ጥበብ በየዘመኑ ማደሪያዋን ትመርጣለች። በዚህኛው ዘመን የመረጠችው የከተማውን የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃው ቀጥሎ ያለውን የስብሰባ አዳራሽ ነው። በዚያ አዳራሽ አዲሱ ሠራተኛ ሲመረቅ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። ሠራተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ "ወኪሉ" ይሉታል። ደንበኛ ሲደውል አቤቱታውን ይሰማና፣ ከየክፍሉ ከተሰጡት መሣሪያዎች አንዱን መርጦ ጉዳዩን ይጨርሳል። አንዱ መሣሪያ ጠጋኝ ይልካል፣ አንዱ ሒሳብ ያርማል፣ አንዱ ውሃ ይቆርጣል። ወኪሉ ግን አንዳቸውንም አያውቃቸውም። የሚያውቀው እያንዳንዱ ክፍል ስለ መሣሪያው የጻፈለትን አጭር መግለጫ ነው፤ የተጻፈለትንም ያምናል። በዚህ ከብዙ አለቆች ጋር ይመሳሰላል።

መግለጫ ካለ ምዘና አለ፤ ምዘና ካለ ኮሚቴ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢ ሆኑና፣ "ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ኃላፊ ምክትሌ ይሆናል" ብለው አወጁ።

ይህን ሲሰማ የውሃ ማቋረጫ ክፍሉ ኃላፊ ልቡ ዘለለ። ሁሉም "ጋሽ መቀስ" ይለዋል። ዕድሜ ልኩን የሰው ውሃ ሲቆርጥ ኖሯል። ጠጋኞቹ በሄዱበት ሲመረቁ እሱ በደረሰበት ይረገማል፤ ሠርግ ቢጠራ እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ አይገኝም። ያ ሁሉ እርግማን አንድ ቀን በሹመት ይካሳል ብሎ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ቀኑ ይኸው መጣለት።

መጀመሪያ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ቀረበና አነበበ፤ "ይህ መሣሪያ ጠጋኝ ይልካል። ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ሲያፈስ ብቻ ተጠቀምበት።"

"በቃ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"አዎ ጌታዬ። ሌላ ሥራ የለውማ።"

"'ብቻ' ትላለህ እንዴ! ራእይ የታለ? ተልእኮ የታለ?"

"ጌታዬ፣ ቧንቧ እኮ ነው..."

"ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም! ቀጣይ!"

ጋሽ መቀስ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይህ መሣሪያ የደንበኛን ማንኛውንም ችግር ከሥሩ ነቅሎ ፈጣንና የማያዳግም እልባት የሚሰጥ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረጥ የሚገባው፣ የመሥሪያ ቤታችን ኩራት ነው።"

ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

"ምን እንደሚሠራ ግን አልተናገረም እኮ" አለ የጥገናው ኃላፊ ከኋላ።

"ምን ይበል ታዲያ? 'ውሃ ይቆርጣል' ብሎ ይጻፍ? በአደባባይ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ምነው፣ ነውር አታውቅም እንዴ!"

ሙሉ ነጥብ ተሰጠው። ምክትል የሆነው ጋሽ መቀስም ወንበሩ ሳይሞቅ ሁለት መመሪያ አወጣ። አንደኛው፣ ያለ ወኪሉ ትእዛዝ ማንም ጠጋኝ ከግቢ እንዳይወጣ። ሁለተኛው፣ መግለጫውን ነክቶ ነጥቡን ያወረደ ሹመቱን እንዲያጣ። ይህኛው ተንኮለኛ መጥቶ መግለጫውን እንዳይነካበት ነበር።

ወኪሉ ሥራ ጀመረ። ቧንቧዬ ያፈሳል ላሉ ባልቴት ውሃቸውን ቆረጠላቸው፤ እውነትም ማፍሰሱ ቆመ። ሒሳብ በዛብኝ ላለው ዳቦ ጋጋሪ ቆረጠለት፤ ሒሳቡ ቀነሰ። ውሃው ይሸታል ላለ ሰፈር በሙሉ ቆረጠ፤ ሽታው ድራሹ ጠፋ። የጠጋኞቹ መኪና በቆመበት ጎማው ተነፈሰ። ሪፖርቱ ላይ "የሚያፈስ ቧንቧ፦ የለም" የሚለውን ሲያነቡ የሥራ አስኪያጁ ዓይን እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ ጠዋት የጋሽ መቀስ አማት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱን ሊያዩ መጡ። ልጃቸው ለውሃ ቆራጭ መዳሯ ሲያንገበግባቸው ኖሮ፣ እግራቸውን ያነሡት ሹመቱን ሰምተው ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይል ነበርና፣ ሚስቱ ባሏን ላለማስቸገር ለወኪሉ ደወለች። ጠብታው ወዲያው ቀጥ አለ። ከነውሃው። አማቲቱ እጃቸውን ሳሙና እንደ ለወሱ ቀሩ።

ጋሽ መቀስ ስልኩን ነጠቀ።

"ቤቴ ውሃ ተቋርጧል!"

"ስለ ደወሉ እናመሰግናለን" አለ ወኪሉ በለሰለሰ ድምፅ። "ችግርዎ የማያዳግም እልባት አግኝቷል።"

"የምን እልባት? ውሃዬን መልስ!"

"ይህም አቤቱታ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በሚመረጠው መሣሪያ እየፈታሁልዎ ነው።"

በሌላ መሥመር የሚመጣው የጓሮው ቧንቧም አንድ ጊዜ አንኮራፍቶ ጸጥ አለ።

ለጥገናው ኃላፊ ደወለ። "ወንድሜ፣ በሞቴ አንድ ሰው ላክልኝ።"

"ክቡር ምክትል፣ ያለ ወኪሉ ትእዛዝ አንወጣም። መመሪያው የራስዎ ነው" አለ ያኛው፤ ሳቁን ማፈኑ በስልክ ያስታውቃል። "ግን መላ አለው። መግለጫዎ ላይ 'ውሃ ይቆርጣል' ብለው ይጻፉበት። ያኔ ወኪሉ ቧንቧው ለሚያፈስበት ሰው እኛን ይጠራል፤ ዛሬውኑ መጥተን እንከፍትልዎታለን።"

"ነጥቤስ?"

"ይወርዳላ።"

"ሹመቴስ?"

"እሱም አብሮ።"

ጋሽ መቀስ ስልኩን ዘጋ። ወደ ቧንቧው አየ፤ ግድግዳው ላይ ወደ ሰቀለው የሹመት ፎቶ አየ። ክራባቱን አጠበቀና ወደ አማቱ ዞረ።

"ምን አሉህ፣ አማቼ?" አሉት፣ ሳሙናው የደረቀባቸውን እጅ ወደ ላይ እንደ ያዙ።

"እማማ፣ መግለጫው አይነካም። ሙሉ ነጥብ ያገኘ ነው።"

"ሙሉ?"

"ሙሉ።"

"እንግዲያው" አሉ እጃቸውን እየዘረጉ፣ "አምጣውና በሱ አስታጥበኝ።"