ሰፌድ ላይ ያደግን ጊዜ

የሐር ትል ቆዳዋን ልትለውጥ ስትል እንቅልፍ ሲይዛት ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ባለችበት እንደምትቀር፣ ያን ጊዜ የነካካት ሰው እንደሚገድላት ከእናንተ ስንታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም ብሆን ባለቤቴ ታደሉ የልጃችንን የብርቄን መፀነስ ሰምታ፣ ለልጅ ልጄ መታቀፊያ ከሐር ካልፈተልኩ ብላ መኝታ ቤታችንን ለትሎች እስክትለቅ ድረስ አላውቅም ነበር። እኛ ሳሎን ፍራሽ ላይ፣ እነሱ መኝታ ቤት ሰፌድ ላይ። "ቀስ ብለህ ተናገር፤ ተኝተዋል" ትለኛለች። በገዛ ቤቴ!

ትናንት ሌሊት ታዲያ በሕልሜ ሰፌዱ ላይ የተኛሁት እኔ ነበርኩ።

ሰፌዱ የኳስ ሜዳ ያህላል። መንደርተኛው በሙሉ ተደርድሮበታል። ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስሉ፣ እያንዳንዳቸው አውቶቡስ የሚያክሉ ነጫጭ ትሎች በመካከላችን እየተራመዱ፣ እኛ እነሱን እንዲበሉት የጉሎ ቅጠል እንደምናለብሳቸው ሁሉ ዳቦ እየቆረሱ ያለብሱን ነበር። ጎረቤቴ አቶ ጫንያለው፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ከዳቦው ሥር አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"እኔ እኮ ዳኛ ነኝ!"

"ስንተኛ እንቅልፍህ ነው?" አለቻቸው አንዷ ትል።

"ሁለተኛ።"

"ታዲያ ገና ልጅ ነህ። ብላ።"

አቶ ጫንያለው በሉ።

ወዲያው ዓይኔ ከበደ፤ ቆዳዬም ጠበበኝ። ትሎቹ ከበውኝ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ቆዳ እየለወጠ ነው፤ ማንም እንዳይነካው።"

"ይኼ እኮ ያ ጯሂው ነው።"

"ቢሆንስ? ጯሂም ያድጋል።"

አንዷ ነፋስ እንዳይመታኝ በጀርባዋ ጋረደችኝ። በዕድሜዬ እንዲያ ተጠብቄ ተኝቼ አላውቅም።

ስነሳ ለመቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ክር ወጣ። ዳኛውን ልሰድብ አልኩ፤ ክር። ውሃ የሚያጠፉብንን ልራገም አልኩ፤ ክር። ቁጣዬ ሁሉ አለቀና ቤት ሆነ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በአንድ በኩል መውጫ ያለው የሐር ጎጆ። ከጎኔ ታደሉም የራሷን ሠርታ ገብታለች።

"የብርቄ አባት፣ ጠበበህ እንዴ?"

"አልጠበበኝም። አንቺስ?"

"እኔስ እንዲህ ቀስ ብለህ ብታወራኝ ስል ነው የኖርኩት።"

ስንወጣ ክንፍ ነበረን፤ ቡናማ፣ በየክንፉ ላይ ነጭ የጨረቃ ቅርጽ ያለበት። የታደሉ ሆድ እንደ ጥጥ ነጥቷል። ሲመሽ የመንገድ አምፖሎች ከየምሰሷቸው ተነቅለው እየበረሩ መጡና ዙሪያዋን ይዞሩ ጀመር። አንደኛው ክንፏን ነክቶ ተቃጠለና ወደቀ። እሷ ግን ዞር ብላም አላየቻቸው። ነጠላዋ ጠርዝ ላይ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ ትደረድር ነበር። አንዷ ብርቄ፣ ሌላዋ የብርቄ ልጅ እንደሆነች አወቅሁ።

ሲፈለፈሉ እናያቸው ይሆን? ልላት ፈለግሁ። አፍ የለኝም። የእሳት እራት ሆኖ ላደገ አፍ አይሰጠውም፤ የሚበላውን በትልነቱ ጨርሷል። ታደሉ ገባት። ላባ በሚመስለው አንቴናዋ ግንባሬን ዳሰሰችኝና ራሷን ነቀነቀች። አናያቸውም። ቢሆንም መደርደሯን አላቆመችም።

የመድኃኒት ሽታ ቀሰቀሰኝ።

ነግቷል። ታደሉ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ በእርጥብ ጥጥ ትሎቹን ትጠርጋለች። አየር እንዲያገኙ ብላ መስኮቱን ከፍታው ነበር ያደረችው። የወባ ትንኝ መድኃኒት ረጪዎች በማለዳ መጥተው፣ ሳያንኳኩ፣ ሳይጣሩ፣ በአጥሩ ላይ አሻግረው ረጭተውት ሄደዋል። ትሎቹ አረንጓዴ ውሃ እያስመለሱ ይጠቀለላሉ።

"ይቺ ትንቀሳቀሳለች" አለችኝ፣ አንዷን መዳፏ ላይ ይዛ። ትንሽ ቆይታ፣ "አሁን ቆመች" አለች። "ብርቄ ዛሬ ትደውላለች። ምን ልበላት?"

መስኮቱን ዘጋሁት።

አንተ ይረጭ ብለህ ያዘዝክ ሰውዬ፣ ወባን እኔም እጠላለሁ። አንድ በር ማንኳኳት ግን ምን ያህል ይከብድ ነበር? ቅዳሜ ገበያው መሀል፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ቆመህ ለታደሉ መልስላት!