ስማቸው የተቆረጠ ዘመዶች

በዚህ አገር ሰው ድንበሩን ቢገፉበት ሽማግሌ ይቀበላል፤ ሚስቱ ጥላው ብትሄድም ቀስ እያለ ይረሳዋል። የጻፈውን ቢቆርጡበት ግን… ኧረ ወዲያ! ታቦት ቢወጣ አይመልሰውም! «ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ስለ ጽሑፍ ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። በሉ! እኔ መች ጻፍኩና? እኔ አወራለሁ፣ የልጄ ልጅ ሜላት ትጽፋለች። እሷ አፌን ታያለች፣ እኔ ጣቷን አያለሁ። ጣቷ ቆም ካለ አንድ ነገር ልትቆርጥብኝ ነው ማለት ነው። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው። የሰው ጽሑፍ ማረም።

አርታኢ ይሉታል። ቢሮ የለው፣ አለቃ የለው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት የለው። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ እዚሁ የኔ መደብ ላይ፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ሰው የጻፈውን ይልክላታል፣ እሷ አቃንታ ትመልሳለች። ይኸው ነው። ይህን ግን እስቲ ለጎረቤቴ ለዘነበች አስረዱልኝ!

«ያቺ ልጅ እስካሁን ሥራ አላገኘችም?»

«ይዛለች እንጂ።»

«የት ነው የምትውለው?»

«እቤት።»

«ውይ… አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ! (ሜላት፣ ይቺን እንዳትቆርጪ። ዘነበች ትስማው።)

የባሰችው ደግሞ እናቷ ናት፣ አዲስ አበባ ያለችው የኔዋ ልጅ። ትደውልና «እማዬ፣ የዘመድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋል፣ ላኪያት! ደንበኛ የሌለው ሥራ ምን ሥራ ነው? እስከ ፋሲካ አይቼ፣ ካልሆነ መጥቼ እወስዳታለሁ» ትለኛለች። ትወስዳታለች! እንደ ገበያ በግ! እኔ ታዲያ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከዘነበች ጋር? እናንተስ የኔን ወሬ በየሳምንቱ ከየት ልታገኙ ነው? አያችሁ፣ ነገሩ እናንተም ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ልጅቷ ሥራውን እንድትችልና ስሟ እንዲወጣ እኔም አብሬ ተነሳሁ።

የምትማረው ከስልኳ ነው። አንዲት ሴትዮ እዚያ ውስጥ ሆና ታስተምራለች። «የማያስፈልገውን አውጡ! አትሳሱ! ጽሑፉን ለሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ!» ትላለች። ሰው ያው እኔ ነኛ። ታነብልኛለች፣ እሰማለሁ። ስለ ዶሮ እርባታ፣ ስለ ትዳር፣ የአንዱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ… እናንተ! የሱን ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ ሰምቼው አላውቅም። እንቅልፉ ድብን ያደርገኛል።

ልጅቷ መጀመሪያ ተቀየመችኝ። በኋላ ግን አሰበችበት። እኔ ያንቀላፋሁበት ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመረች። ዓይኔ የተከደነበት ይቆረጣል፣ ዓይኔ የተገለጠበት ይተርፋል። ደንበኞቿም ወደዱላት! «እንዴት እንዲህ አፍታታሽው?» ይሏታል። ምን ትበል? «አያቴን አስተኝቼ ነው» አይባል! ይኸው በስተርጅናዬ ተኝቼ የምሠራ ሰው ሆንኩ።

እንዲህ ስንል ጎረቤታችን ጋሽ ሸዋንግዛው ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ የአንኮበር ሰው ናቸው። ዘመዳቸው ከአንኮበር ገደል እስከ ጫጫ ሜዳ ተዘርግቶ የማያልቅ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አድሬ፣ ጠዋት ልብሴን ልቀይር ብቅ ስል ልጃቸው ወንድይፍራው በራችን ላይ ቆሟል። በእጁ ወፈር ያለ ወረቀት ይዟል። የአባቱ የሕይወት ታሪክ ነው፣ ቀብር ላይ የሚነበበው።

«ሜላትዬ፣ ታስተካክላለች አሉኝ። የሚያነቡት የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። 'ካላጠረ አላነብም፣ ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ' አሉ። በሞቴ፣ ከቀብሩ በፊት ድረሽልኝ።»

ልቤ ዘለለ። አስቡት! ግማሽ ደብረ ብርሃን ቆሞ የልጄን ሥራ ሊሰማ ነው! «በይ አንብቢ» አልኳትና ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ።

መወለዳቸውን ሰማሁ። ድቁና ተምረው ወደ ንግድ መግባታቸውን ሰማሁ። አሊዩ አምባ ገበያ በርበሬ ሊያመጡ ወርደው፣ በርበሬውን ረስተው በቅሎ ገዝተው መመለሳቸውን ሰምቼ በለቅሶ ልብሴ ሳቅኩ። ከዚያ «የእነ እገሌ አጎት፣ የእነ እገሊት የአክስት ልጅ፣ የእነ እገሌ ክርስትና አባት…» የሚለው መጣ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ያደርኩ ሰው ነኝ'ኮ! ግድግዳውን ደገፍ ብል… በቃ። ስነቃ ልጅቷ ወረቀቱን አድርሳ ተመልሳለች። ታሪኩም አጥሯል።

ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ፍትሐቱ አለቀ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። እንዴት ያምር ነበር! የበቅሎዋ ታሪክ ጋ ሲደርሱ ሕዝቡ እያለቀሰ ሳቀ። ሜላትን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። እሷም ደስ ብሏት መሬት መሬት ታያለች። ጸሐፊው «…የልጆቻቸው አባትና የበርካታ ዘመዶች አለኝታ ነበሩ» አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።



«አለቀ?» አለ አንድ ድምፅ። የሟች የአክስት ልጅ ናቸው፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለቀብሩ ከአንኮበር የመጡ።

«አዎ እትዬ፣ አለቀ» አሉ ጸሐፊው።

«እኔስ?»

«እርስዎማ… ያው በርካታ ዘመዶች ሲባል…»

«በርካታ? እኔ በርካታ ነኝ? አንድ ጓሮ አብረን አድገን! ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ'ኮ የኔ ድንጋይ ነው! ዛሬ በርካታ ልባል?» ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ሣጥኑ ፊት ተገተሩ። «ስሜ ሳይጠራ አይወርድም!»

ከኋላቸው የጫጫዎቹ «እኛም አልተጠራንም!» አሉ። «እኔስ፣ የክርስትና ልጁ!» አለ አንዱ። ከአሊዩ አምባ የመጡት ወዳጃቸው ሐጅ ሙሳ እንኳ ከቅጥሩ በር ላይ ሆነው «እኔ ዘመድ አይደለሁም፣ ግን በቅሎዋን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ስምህ አለበት ብሎኛል ልጁ!» አሉ።

«ማነው የቆረጠን?»

ወንድይፍራው ቀስ ብሎ ጣቱን ወደኛ ቀሰረ። ሕዝቡ ዞረ። ሜላት ነጠላዋን መሰለች። እኔም በልቤ ሻንጣዋን አሰናዳሁ። በቃ ሄደች! ገንዘብ ተቀባይ! ከዚህ በኋላ በዚህ ከተማ ማን ጽሑፉን ይሰጣታል? ዘነበች ከጎኔ ሆና ከንፈሯን መጠጠች። እንዲያው ቀን ጠብቃ!

ይሄኔ ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ያልተነካውን ወረቀት ፎቶ አንስታ አስቀምጣው ኖሯል። እዚያች ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «ሳይታረም የነበረውን አትጣሉ» ብላ ያስተማረቻት ነገር ነው፣ ትባረክ። ወደ ፊት ወጣች።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የአክስታቸው ልጅ!» አለች።

«ዋይ ወንድሜ! ዋይ ጓዴ!» እትዬ ጥሩወርቅ ደረታቸውን መቱ።

«አቶ አየለና ወንድሞቹ፣ ከጫጫ፣ የእህታቸው ልጆች!»

«ዋይ አጎቴ!» ወዲያ ማዶ ለቅሶው ፈነዳ።

እናንተዬ፣ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ! ለካ ያ ሁሉ ስም ለወሬ አልተጻፈም፣ ሰው ተራውን እንዲያለቅስ ነው! ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ስሙ ካልተጠራ እንባውን ይዞ የት ይግባ? ሜላትም ገባት መሰለኝ፣ አነባበቧን ቀየረች። ስም ትጠራና ትጠብቃለች። ለቅሶው ወጥቶ በረድ ሲል ቀጣዩን ትጠራለች። ለቀረበው ረዘም፣ ለራቀው አጠር። ሐጅ ሙሳ ጋ ስትደርስ ከነበቅሏቸው ጠራቻቸው፤ እሳቸውም በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ጆሯችንን እየቆረጠው አንድ ሰው ንቅንቅ አላለም። ሲያልቅ እትዬ ጥሩወርቅ ከሣጥኑ ፊት ዞር አሉና «በሉ አሁን ውሰዱት» አሉ።

ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ስንቆረጥም አንድ የጫጫ ሰው ተጠጋን።

«እህቴ፣ የኛም አባት ደክመዋል። ብትጽፊላቸው ብለን ነበር።»

«መቼ ዐረፉ?»

«ኧረ አላረፉም! ትናንት ገብስ ሲያበጥሩ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ?»

«ስማችን ብዙ ነው።»

እንዲህ ሆነና አንዱ ለአንዱ እየነገረ በራችን መንኳኳት ጀመረ። ልጅቷም ብልጥ ሆናለች። አሁን ብዕር ከማንሳቷ በፊት «ይሄን የሚሰማው ማነው? የት ቆሞ?» ብላ ትጠይቃለች። የተማሪውን ጽሑፍ ያለ ርኅራኄ ትቆርጣለች፤ የለቅሶውን እንደ ዕንቁላል ትይዘዋለች። እናቷ ለፋሲካ መጣች፣ ዶሮ በላች፣ ሰው ሲመላለስ አየች። ስትሄድ «ለነገሩ ሱቁ ሌላ ሰው ይዟል» አለችኝ። አልያዘም! እኔ አውቃታለሁ፣ ልጄ ናት።

ጫጫ ግን አብሬ ነው የሄድኩት፣ በሚኒባስ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሜላት የጻፈችውን ከነዘመዶቻቸው ስም አነበበችላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲያልቅ እንባቸውን ጠርገው፣

«ምስኪን… ደግ ሰው ነበር» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ «ግን አትዝጊው ልጄ። ገና የምሠራው አለ።»

ይኸው አልተዘጋም። በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ላሚቱ ወለደች፣ ጨምሪ!» «ከወንድሜ ጋር ተጣላሁ፣ ስሙን አውጪው!» «ታረቅን፣ መልሺው!» ይከፍላሉ፣ ያሳርማሉ፣ እንደገና ይከፍላሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ ለአርታኢ ከዚህ ወዲያ ምን ደንበኛ አለ? እኔም ድሮ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም «ዕድሜ ጨምርልኝ» ነበር የምለው። አሁን ግን «አምላኬ ሆይ፣ መጀመሪያ ለጫጫው ሰውዬ» እላለሁ።