በሩ ላይ የተቀመጥን ወንዶች

በእኛ አገር ያለ ማኅበር የሚሆን ነገር የለም። ለቀብር ቅሬ አለ፤ ለአጨዳ ወንፈል አለ፤ ለዱአ ጀማው አለ። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ለማድረግ የሚሰበሰብ ነው። ላለማድረግ የሚሰበሰብ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አባል ነኝ። ሚስት ላለመምታት፣ ሌላውም እንዳይመታ ለመከላከል መርሳ ላይ የተሰባሰብን በጎ ፈቃደኛ ወንዶች ነን። «እጃችንን እንሰብስብ» ብለን ተማምለናል። ሚስት የለኝም፤ ስለዚህ እስካሁን መሐላዬን አላፈረስኩም። ይህ በጎነቴ ይሁን ብቸኝነቴ ግን በውል አላውቅም።

ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። ድንበሩን ሳልለካ አልናገርም፤ ከለካሁ በኋላም ሜትሩን እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለስብሰባ አይመችም። ሰብሳቢያችን ሸህ ይማም ግን «ዝም የሚል ሰው አይጠላም» ብለው ተቀበሉኝ።

የመጀመሪያው ጉዳያችን ሐሰን ነበር። ማንጎ ነጋዴ ነው፤ ገበያው የከዳው ቀን ንዴቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ዘሀራ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ግራና ከተማ፣ ወንድሟ ቤት ሄዳ ነበር። ሽማግሌ ተላከ፣ ሐሰን ቁርአን ይዞ ማለ፣ ታርቃ ተመለሰች። መማሉስ ማለ። መሐላ ግን ከኪሳራ ይበረታል ወይ?

መላ ያመጡት ሸህ ይማም ናቸው። «እንግዳ ባለበት ቤት እጅ አይነሣም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የወሎ ሰው የቱንም ያህል ቢቆጣ፣ እንግዳ ፊት ጥርሱን ነክሶ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሐሰን ከገበያ ሲመለስ ጠብቀን ቤቱ ሄደን እስኪመሽ ልንቀመጥ ተስማማን። ዘብ ቆምን። በትክክል ለመናገር፣ ዘብ ተቀመጥን።

ሠራም። ሐሰን እጁን አላነሣም፤ እንዲያውም ጨዋታ አዋቂ ሆነ። ሸህ ይማም በየስብሰባው «ሐሰንን እዩ» ማለት ጀመሩ። ማንንም መትቼ የማላውቀውን እኔን «እዩት» ያለ የለም። ቅር ብሎኝ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ትንሽ ብሎኛል።

ችግሩ፣ እንግዳ ይበላል፤ ይጠጣልም። ዘሀራ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ እጅ ታስታጥባለች። ያ ክንዷ ገና አልጸናም፤ ማንቆርቆሪያውን የምትይዘው በግራዋ ነበር። ይህን በዓይኔ አየሁ። አይቼስ? ብርጭቆዬን አቀበልኳት።

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ ዘሀራ ከጓዳ ወጣች። ማንቆርቆሪያ አልያዘችም፤ ልብሷን በነጠላ ቋጥራለች።

«ሸህዬ፣ ደህና ይዋሉ። ግራና ወንድሜ ዘንድ መሄዴ ነው።»

ሸህ ይማም ወደ ሐሰን ዞሩ። «መታሃት?»

«ወላሂ አልነካኋትም። ይኸው እነዚህ ሁሉ ምስክሬ ናቸው።»

«አልመታኝም» አለች እሷም። «እናንተ ተነሥታችሁ እስክትሄዱ ይጠብቃል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያየኛል። እኔም እጁን ሳይ አነጋለሁ። እሱን ትጠብቃላችሁ ሸህዬ፤ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ብሎ እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ማየትም ሐራም ሆነ?» አለ ሐሰን። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። ሴት ጓዟን ይዛ ስትነሣ ሽማግሌ ይነሣል፤ ይለምናል፤ እግር ይይዛል። ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣና «ኧረ በአላህ ተይ»፣ «ኧረ ሰይጣንን አታስደስቺ እህቴ» እያለ በሩ ላይ ተከመረ። ያ በር አንድ ሰው ከነቋጠሮው ቢያሳልፍ ነው፤ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። እኔ ልነሣ ወይስ ልቀመጥ እያልኩ ሳመነታ ከተቀመጥኩበት ከበሩ ደፍ ላይ ቀረሁ፤ እግሬ በሩን አቋርጦ ተዘርግቷል።

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያየን ምን ይላል? ሴቲቱ መውጣት ትፈልጋለች፤ ወንዶች በሩን ዘግተዋል። እኛ እኮ ሴትን ከወንድ እጅ ልናድን የተማማልን ነን። ታዲያ አሁን የምናድነው ማንን ነው? አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። ቃል መረጥሁ፤ ተውኩት፤ ሌላ መረጥሁ። ዘሀራ ግን ንግግሬን አልጠበቀችም።

«ወንድምዬ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሰበሰብኩ። አጠገቤ የቆመውም ሳያስበው ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። በዚያች ክፍተት አለፈችና ባጃጅ አስቆመች። እኛ እንደቆምን ቀረን። ቆይቶ ሐሰን «አሁን ሻዩን ማን ያፈላል?» አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሸህ ይማም «ልጄ፣ አንተ ባትለቃት ኖሮ እናስታርቃቸው ነበር» አሉኝ። «እርስዎ እንዳሉ» አልኩ። ከዚያ ተጠራጠርኩና «ሸህዬ፣ የተማማልነው ስለ እጃችን ነው፤ ስለ እግራችን ግን ያነሣ ሰው አልነበረም» አልኩ። ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ብዙ ጊዜ ዳሰሱ። ስብሰባው በዱአ ተዘጋ።

ዘሀራ እስካሁን ግራና ናት። ክንዷ ጸንቶ እንደሆነ ሄጄ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ግን ከሄድኩ ሻይ ታፈላለች።