ክብርት ሲስተር ቆይ

ዳይሬክተር የሌለው ሆስፒታል ሊኖር ይችላል፤ ሲስተር ቆይ የሌለችበት ግን ገና አልተሠራም። የእኛዋ አጭር ወፍራም ነርስ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ ትውላለች። ቅጽል ስሟን ያወጡላት ሐኪሞቹ ናቸው፤ ከአፏ ከማትለየው ቃል።

እኔን እሷ ዘንድ ያደረሰኝ የወር አበባዬ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ያየሁት ደም ነው። ከማህፀኔ ግድግዳ ናሙና መወሰድ ነበረበት። ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር። «ትንሽ ቆንጠጥ ነው የሚያደርግሽ» አሉኝ፤ ቁንጥጫው ሳያልቅ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ካንሰር ይሁን አይሁን ሳላውቅ አራት ወር ፈርቼ ተቀመጥኩ።

ክብርትነቷ ገና ከመግባቴ ተቆጣችኝ። ማስታገሻውን ከአንድ ሰዓት በፊት መዋጥ ሲገባኝ የዋጥኩት በሩ ላይ ነበር። «ቆይ» ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ። ዶክተሩ ሁለቴ ብቅ ብሎ ሰልፉን አሳያት፤ ሁለቴም «ቆይ» ተብሎ ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት አሉ።

ስገባ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ሆዴ ላይ አኖረችልኝ። ማደንዘዣው እስኪሠራም ዶክተሩን እጁን አጣጥፎ አስቆመችው።

«እኅቴ፣ ያማል። አያምም የሚልሽን አትስሚው። ግን እጅሽን ካነሳሽ ያቆማል» አለችኝ።

ከዚያ ወሬ ጀመረች። የጎረቤቷ ልጅ በሠርጓ ማለዳ ጠፍታለች፤ ቤተሰቡ በየመንገዱ ይፈልጋታል። መሃል ላይ እጄን አነሳሁ። «ቆይ» አለች፤ ዶክተሩ አቆመ፣ እኔ ተነፈስኩ፣ ቀጠልን። አመመኝ፣ አልዋሽም። ግን አዛዧ እኔ ነበርኩ። የሙሽራዋ ጫማ አውቶቡስ ጣቢያ ሲገኝ ሥራው አለቀ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውጤትሽን ስትወስጂ።»

ስወጣ አግዳሚው ላይ ያገኘኋቸው ሁለት ሴቶችም ግማሽ ግማሽ ወሬ ታቅፈው ነበር። ያኔ ገባኝ፤ ውጤት ፈርታ የምትቀር ሴት ብዙ ናት፣ ሲስተር ደግሞ ይህን ታውቃለች።

በቀጠሮው ቀን እግሬ አልሄድ ሲለኝ የጎተተችኝ ሙሽራዋ ናት። ውጤቴ ንጹሕ ሆነ። እያለቀስኩ ሲስተርን ፈልጌ አገኘኋትና ሙሽራዋ የት ገባች አልኳት።

«ቆይ… የትኛዋ ሙሽራ?» አለች፣ በኪሷ መነጽሯን እየዳበሰች።

መነጽሯን ከግንባሯ አውርጄ ዓይኗ ላይ አደረግኩላትና ጉንጯን ሳምኳት።