የዓምደሚካኤል የጎመን ዘመቻ በካሊቼ ላይ

ዝንቱ ውእቱ ዜና ገድሉ ለዓምደሚካኤል፣ ሞዓ ካሊቼ ዘእምነገደ ገበሬ፣ ሥዩመ ጓሮ ዘሰንራይዝ ማነር፣ በላስ ቬጋስ በረሃ። ዘመነ ኦቨርታይም አልፎ ዘመነ ጡረታ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኀ ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ይህ ጌታ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሊሙዚን ነድቶ ሲሰናበት ባትሪ የሌላት የግድግዳ ሰዓት የተሸለመው፣ በጓሮው ሐበሻ ጎመን ሊያበቅል ዶማ አነሣ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። የሚስቱ ወንድም ፊልሞን፣ በሀብታሞቹ ሰፈር በግሪን ቫሊ የሚኖረው፣ ባለ መዋኛው፣ በየሰው ግቢ የፕላስቲክ ሣር እያነጠፈ የከበረው፣ ልጁን አርያምን ክርስትና ባስነሣ ጊዜ፣ ዓምደሚካኤልን ከትልልቆቹ ነጥሎ ከሕፃናቱ ጋር አስቀመጠው፤ ይህም አልበቃው ብሎ፣ ጭልፋውን እንደያዘ በጉባኤው ፊት እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጋሼ ዓምዴማ የገበሬ ልጅ ነኝ ይላሉ! ጓሯቸውን ያየ ግን ፓርኪንግ ሎት ነው የሚለው። ኧረ እኔ ላንጥፍልዎ፣ በፋሚሊ ዋጋ!» ጉባኤው ሳቀ፤ ቄሱ ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ያቺም ሳቅ በዓምደሚካኤል ሆድ ገብታ ጎጆ ቀለሰች።

ቤት እንደገቡም እቴጌ ስሜነሽ፣ ባለቤቱ፣ መጋረጃ በማራገፍ ክንዷ የዛለው፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ አዋጅ ነገረች፦ «ስማ አንተ ሰውዬ! ለፋሲካ እዚህ ጓሮ አረንጓዴ ነገር በዓይኔ ካላየሁ፣ ፊልሞንን ጠርቼ ሣሩን አስነጥፋለሁ። አቧራህን ስቅም ሳምባዬ አለቀ። አበቃ!» ያ ጓሮ ግን ሱፐርቫይዘር የማያዝበት፣ ተሳፋሪ «ፍጠን» የማይልበት፣ በአሜሪካ ምድር ያለው ብቸኛ ግዛቱ ነበርና፣ ዓምደሚካኤል ውሎ አድሮም ቢሆን ከዚህች አፈር አልነቀልም ብሎ በልቡ ማለ።

ሠራዊቱም እንዲህ ተሰለፈ። በቀኙ ጎረቤቱ ነጅሙዲን ዘወሎ፣ የሆቴል ሻትል ነጂ፣ ሺፍቱ ማታ ስለሆነ ቀን ቀን ምክር ለመስጠት ሰፊ ጊዜ ያለው፤ በግራው አንገቷ የላላ ዶማ፣ አፏ የጎበጠ አካፋ፣ ጎማዋ የተነፈሰ ጋሪ፤ በኋላው ደግሞ የማን እንደሆነች ያልታወቀች፣ በሁሉም ላይ የምትጮህ ቡችላ።

ከላይ ያለው አፈር ዱቄት ነበረ፤ ትል የማያውቅ፣ ቅጠል ያልበሰበሰበት፣ ነፋስ ሲነሣ ተነሥቶ ወደ ስሜነሽ መጋረጃ የሚሰደድ። አንድ ክንድ ሳይወርዱ ዶማዋ ቂው ብላ እሳት ተፋች። እነሆም የካሊቼ ትውልድ፦ ዝናብ በጥቂቱ ወረደ፤ ፀሐይም ዝናቡን ጠጣች፤ ዝናቡም ኖራውን ጥሎ ሄደ፤ ኖራውም ጠጠሩን አቅፎ ብዙ ሺህ ዘመን ተኛ፤ ሲነቃም ሲሚንቶ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙንም የአገሬው ሰው ካሊቼ አለው። ነጅሙዲንም ድንጋዩን በእግሩ መታ መታ አድርጎ አወጀ፦ «ወላሂ ጋሼ ዓምዴ፣ ከዚህ ጎመን ከሚጠብቁ ካዚኖ ቢሄዱ ይሻልዎታል። ማሽኑ እንኳ አንዳንዴ ይሰጣል!»

ዓምደሚካኤል ግን ምክር የማይሰማ ጀግና ነበርና፣ በድንጋዩ ላይ አፈሩን መልሶ ዘሩን ዘራ፤ አባቱም በጎጃም ቀይ መሬት ላይ አመድ ይበትን እንደነበረ አስታውሶ፣ የሐበሾች ማኅበር በፓርክ በግ ከጠበሰበት ምድጃ አመድ በከረጢት አስጭኖ አምጥቶ በልግስና ነሰነሰ። ጎመኑም በቀለ፤ ከበቀለም በኋላ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ፣ ሥጋው ቢጫ ሆነ፤ ያጠጣውም ውሃ በካሊቼው ላይ ተኝቶ ኩሬ ሠራ፤ ጎመኑም በኩሬው መካከል በክብር ሞተ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽም ስሜነሽ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ልታጸዳ ኮምጣጤ አፈሰሰችበት፤ የቬጋስ ውሃ በሆዱ የጋገረው ነጭ ቅርፊትም ፍስስ እያለ አረፋ ደፈቀ። ዓምደሚካኤል ይህን አይቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ የካሊቼ ስባሪ ይዞ ገባ፤ ኮምጣጤውን አፈሰሰበት፤ እርሱም ፍስስ አለ። ያን ጊዜ ዓይኑ ተገለጠ። የአባቱ መሬት ዝናብ አጥቦት የኮመጠጠ ነበርና አመድ አስታረቀው፤ ይህ ግን የሚያጥበው አጥቶ በኖራ የጠገበ ነውና፣ አመድ መጨመር ለሰከረ ሰው አረቄ መቅዳት ነው። ነገሩን በዩቲዩብም ቼክ አድርጓል፤ ዜና መዋዕል ግን ይህን መጻፍ ነውር ነው።

ወእምዝ አስፋልት መስበሪያ ማሽን ተከራይቶ ተነሣ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ጉንጩ እየተርገበገበ፣ ቡችላይቱ እየሸሸች፣ ካሊቼን ወግቶ ማዶውን አየ። ውሃም ቢያፈስበት ጉድጓዱ ጉርጉር ብሎ ጠጣ። ነጅሙዲንም፣ ሲያሾፍ እንደከረመ ሳያፍር፣ ከፈረስ ቤት ፋንድያ በገዛ መኪናው ጭኖ መጣ፤ ከአፈሩና የኖራውን ጥጋብ ከሚያበርድ ጥቂት ድኝ ጋር ደባልቀው ጉድጓዱን ሞሉት፤ ዓምደሚካኤልም በእርጎ ዕቃ ያፈላትን ችግኝ ተከለበት፤ ፀሐይ እርጥበቷን እንዳትዘርፍ፣ ነፋስም አፈሯን እንዳይሰርቅ ገለባ አለበሳት።

ፋሲካም ደረሰ፤ ፊልሞንም ሊያስፈስክ ሲመጣ ጥቅልል ሣሩን በመኪናው ጭኖ መጣ፤ ድል በእጁ ነው ብሎ ነበርና። ስሜነሽም ወደ ጓሮ ወጥታ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ መረመረች፤ ቀና ብላም ፈረደች፦ «አረንጓዴ ነገር ካላየሁ ብዬ ነበር፤ አየሁ። አንዲት ናት፤ ግን አየሁ። አቧራውም እንዳለ አለ። እንግዲህ ሣሩ ይነጠፍ፤ ጎመኗም ትኑር፤ ፊልሞን፣ አንተው ቀዳዳ አውጣላት!»

በዓሉ ባለፈ በማግሥቱም፣ ያ ባለ መዋኛ፣ ያ ባለ ጭልፋ፣ በሰንራይዝ ማነር አፈር ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ፕላስቲኩን በጎመኗ ዙሪያ የሰፌድ ስፋት ባለው ክብ ቀደደ። ዓምደሚካኤልም ከራሱ በላይ ቆሞ፣ በዚህ ሁሉ ዘመቻ የነገረውን ብቸኛ አዋጅ ነገረ፦ «ቀስ! ሥሯን እንዳትነካት!» ፊልሞንም «እሺ ጋሼ» አለ።

ክብር ለሥዩመ ጓሮ፣ ግዛቱ የሰፌድ ስፋት፣ ጥልቀቱ እስከ ካሊቼ ማዶ ለሆነው! ዶክተሮች ያላገኙትን፣ ባለ ሀብቶች ያልገዙትን፣ አማች በጉልበቱ ሲንበረከክ ማየትን ለታደለው! ጎመኗም ቅጠሏ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ድስት አይበቃም፤ ለአንድ ሰው ግን በቃ።