በሃያ ሁለት ዲግሪ የሚበርዳቸው ሐጃ

ይህን የነገረችኝ ዘነቡ ናት፤ የመንዟ ዘነቡ፣ ከእኔ በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሠራተኛ የነበረችው። ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ ዛሬ ቁራሽ፣ ነገ ቁራሽ እያደረገች ነገረችኝ። የቀረውን ከወጥ ቤታችን በረንዳ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አየሁት። ዓይን የተሰጠኝ ሽንኩርት ለመላጥ ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ ቤት ሞቀ የሚባለው መቼ ነው? ፊደል የቆጠርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ብሳሳት አትፍረዱብኝ፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓረብ አገር ሁሉ በረሃ መስሏት በስስ ቀሚስና በነጠላ ጫማ መጥታ፣ በጥር ወር ጥርሷ የተንገጫገጨባት ስንቷ ናት! እኔ ያለሁባት የዮርዳኖስ ከተማ አማን ቤቱ ድንጋይ ነው፤ ብርዱን እንደ ቂም ይይዘዋል። ውጭ ፀሐይ ወጥቶ መንገደኛው ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ውስጥ ያለችው ካልሲ በካልሲ ላይ ትደርባለች። ደሃው ሶባ የሚሉትን የጋዝ ማሞቂያ መሀል ቤት አስቀምጦ ቤተሰቡ በሙሉ ጉልበቱን ያስጠጋለታል። ኻልዳ የሚባለው ሰፈር ያለው ሀብታም ደግሞ ወለሉ ሥር ሙቅ ውሃ ያስኬድና ግድግዳው ላይ የሙቀት መለኪያ ቁጥር ይሰቅላል። ከዚያ ወዲያ ሙቀት ማለት ቁጥሩ ነው። በረደሽ አልበረደሽ ማን ጠየቀሽ?

ቁጥር ይበርደዋል እንዴ?

የዘነቡ ማዳም ቤት ቁጥሩ ሃያ ሁለት ነበር። አባወራው መሐንዲስ ነው፤ እንጀራውም የሰው ቤት ማሞቅ። ሳሎናቸው በሰሜን በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ብቻ ነው፤ ሸለቆውን አሻግሮ እስከ ጁበይሃ ሰፈር ያሳያል። መጋረጃ የሚባል ነገር አይነካውም። ማዳም እንግዳ ሲመጣባት ከምግቡም ከመጠጡም በፊት የምታቀርበው ያንን እይታ ነው። እንግዲህ የባሏ እናት ሐጃ፣ ሳልት ከተማ ካለው ግድግዳው ክንድ ከሚያህለው አሮጌ ቤታቸው ተነቅለው ሲመጡ፣ የክብር ወንበራቸው የት የተቀመጠ ይመስላችኋል? መስታወቱ ሥር!

«ባርዳኔ» ይላሉ ሐጃ፤ በረደኝ ማለታቸው ነው። ጠዋት ባርዳኔ፣ ቀትር ባርዳኔ። ኮፍያ ተደረገላቸው፣ ሻል ተደረበላቸው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ተጣለ፤ ያው ባርዳኔ። ልጃቸው ከሥራ ሲገባ እጃቸውን ይዞ በመዳሰስ ፈንታ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ያሳያቸዋል። «ሃያ ሁለት ነው እኮ ያማ፣ እናቴ!» ሐኪም መጣ። ደማቸው ደህና፣ ልባቸው ደህና፤ «እርጅና ነው» ብሎ ሄደ። ማዳም ግን የራሷን ትርጉም አገኘችለት፤ አማቴ በረደኝ የምትለው እኔን ቀዝቃዛ ናት ለማለት ነው አለች። በእንግዳ ፊት በኮፍያ መቀመጣቸውን እንደ ስድብ ቆጠረችው። በመጨረሻ ነገሩ ተቆረጠ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻላቸው ሐጃ አረጋውያን ማቆያ ይገባሉ። ዘነቡም የመጣችው ለእሳቸው ነውና ወደ መክተቡ፣ ወደ አስቀጣሪዎቹ ቢሮ ትመለሳለች።

እዚህ አገር እናትን ማቆያ መስጠት ምን ያህል ነውር እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል። ሐጃ ይህንን ከመኝታ ቤታቸው በር ሥር ሆነው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባርዳኔ ማለት ተዉ።

ዝም ብለው መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ዘነቡ መንዜ ናት ብያችኋለሁ። ብርድን ሰው አላስተማራትም። አገሯ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ፣ የከብቱ ትንፋሽ እስኪነጋ ወደ ላይ ሲያሞቅ ያድራል። አንድ ቀን አቧራ ስታነሳ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ሄዳ የኮሪደሩን ግድግዳ ዳሰሰች፤ ተመልሳ የሐጃን ትከሻ። በመስታወቱ በኩል ያለው ትከሻ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል፤ የወዲህኛው ለብ ይላል።

«እትዬ» አለችኝ ጣሪያ ላይ፣ አንሶላ እየጨመቅን፣ «ሴትዮዋ ምንም አልሆኑም። መስታወቱ እየመጠጣቸው ነው።»

ይህንኑ ለማዳም ነገረቻት፤ ወንበሩ ወደ ውስጥ ይግባ፣ አለዚያም ወፍራም መጋረጃ ይሰቀል። ማዳም ከላይ እስከ ታች አየቻትና «መሐንዲሷ አንቺ ነሽ?» አለቻት። አለቀ።

ዘነቡ ምን ታድርግ? የራሷ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ አልጋ ከገባባት እግር የማይገባባት ስርጉጥ ናት። ግን ወደ ደቡብ ታያለች። ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ እንደ ሰው አልጋው ላይ ትጋደማለች፤ ከግድግዳው ማዶም የውሃ ማሞቂያው አለ። ማዳም ለሥራ እንደወጣች ሐጃን ደግፋ ወሰደቻቸውና ጀርባቸውን ለፀሐይ፣ እግራቸውን ለግድግዳው ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። የወይን ቅጠልና ሩዝ ፊታቸው አቀረበች። ሐጃ መጠቅለል ጀመሩ። አሥር ሳይጠቀልሉ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እኔ ከላይ ሆኜ አያለሁ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይቺ ክፍልሽ የንጉሥ ናት» ይሏታል። «እንግዲያው እንቀያየር፤ እርስዎ እዚህ፣ እኔ ሳሎን እይታውን እያየሁ!» ትላቸዋለች። አሮጊቷ ሲስቁ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። በሁለት ሳምንት ፊታቸው ቀላ፣ ምግብ ተበላላቸው። ማዳም ራሷ «መድኃኒቱ ሠራ» ብላ የማቆያውን ነገር ማንሳት ትታ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ አፍ የሚገባው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝ፤ ማዳሜ ተከፍታ ስትውል ላስቃት ብዬ፣ ሐጃ በሠራተኛዋ አልጋ ላይ እንደ ሙሽራ ተዘርግተው የወይን ቅጠል ይጠቀልላሉ አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! እሷ ደግሞ የጎረቤት ሴቶች በተሰበሰቡበት ይህንኑ ሳቅ ሳትቀንስ ደገመችው፤ የዘነቡ ማዳም እዚያው ተቀምጣ።

በማግሥቱ የዘነቡ ማዳም በስድስት ሰዓት ከሥራ ከች አለች። ጩኸቱን እኔም ሰማሁት። «የእኔ አማት! የሠራተኛ አልጋ ላይ! አገሩ ሁሉ እየሳቀብኝ!» ባሏን በስልክ ጠራችው። መጣ፤ መለኪያውን ይዞ። በዘነቡ ክፍል ለካ፤ ሃያ። ሳሎን ሄዶ ለካ፤ ሃያ ሁለት፤ ተመልሶ መጣ።

«ያማ፣ እዚህ እኮ በሁለት ዲግሪ ይቀዘቅዛል!»

«እንግዲህ ያንን ዕቃህን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ልጄ» አሉት ሐጃ፣ ከአልጋው ሳይነሱ። «ኮፍያዬንም አልብሰው። እኔ እዚህ ነኝ።»

አልሳቀም። ወደ ሳሎኑ መስታወት ዞር ብሎ አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገበ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ማዳምስ ትጩህ፤ ስሟ ነው የተነካው። እሱ ግን ሙቀት ተምሮ የተመረቀ ሰው ነው! አየር ቢሞቅም ቀዝቃዛ ግድግዳ ጎን የተቀመጠ ሰው እንደሚበርደው አንዲት ያልተማረች የገጠር ልጅ በመዳፏ ያወቀችውን እሱ ያጣዋል? አላጣውም። እናቱን ካመነ መጋረጃ መስቀል ሊኖርበት ነው፤ መጋረጃ ከሰቀለ ከሚስቱ ጋር መጣላት ሊኖርበት ነው። በቁጥሩ ጀርባ ተደበቀ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቁጥር አይጠፋም፤ ፈልጉት።

ማዳም ደግሞ የወይን ቅጠሉን አንስታ «እናትህን አሽከር አደረገቻቸው!» አለች፤ በዚህ የዘነቡ ጉዳይ ተቋጨ፤ ወደ መክተቡ ተመለሰች። የማቆያውም ነገር እንደገና ተነሳ። ይህን የሰማችው የሐጃ ሴት ልጅ ከድሆቹ ሰፈር ከማርካ በአውቶቡስ መጣች፤ ማንንም ሳትሰድብ የእናቷን ልብስ በሻንጣ አደረገች። ወንድሟ «ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ልጅ ጋር የት ታደርጊያቸዋለሽ?» ቢላት፣ «ከሶባው ጎን» አለችው።

ሐጃ ማርካ ናቸው። መሐንዲሱ አርብ አርብ እየሄደ ይጠይቃቸዋል። ማዳም ሌላ ሠራተኛ አስመጥታለች፤ ያቺን ክፍል ዕቃ ስለሞላችባት አዲሷ ልጅ የምትተኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። እኔ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ዘነቡን መክተቡ ጁበይሃ ሕፃናት ያሉበት ቤት አስገባት። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ሰምታለች፤ ስደውልላት አታነሳም።